ለጎንደር አፈር የትኛው ሳጥን ይበቃል? የታሚያ ዌዘሪንግ ማስተር ኤ እና ቢ በቲ-55 ታንክ ላይ

የጃፓኑ ሞዴል አምራች የታሚያ ዌዘሪንግ ማስተር ሲከፈት የሴቶች የዓይን ቅብ ሳጥን ነው የሚመስለው። መዳፍ ላይ በምታርፍ ጠፍጣፋ ማቀፊያ ውስጥ ሦስት ቀለሞች ጎን ለጎን ተጠቅጥቀዋል፤ አብራቸው አንድ ጫፏ ስፖንጅ፣ ሌላው ጫፏ ብሩሽ የሆነች አጭር መቀቢያ አለች። ስብስብ ኤ አሸዋ፣ ፈዛዛ አሸዋና ጭቃ የሚባሉ ቀለሞች አሉት። ስብስብ ቢ ደግሞ በረዶ፣ ጥቀርሻና ዝገት ይዟል። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፦ ተቀብቶ የደረቀ ሞዴል ታንክ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ብዙ መንገድ የሄደ እንዲመስል ማድረግ። ሞዴል ሠሪዎች ዌዘሪንግ ይሉታል፤ እዚህ ማስረጀት እንበለው።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፣ ጎንደር ተቀምጦ 1/35 (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) ታንክ የሚሠራ ሰው ቢን ይግዛ፣ ኤ ይቆየው። ኤ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኤ የሚሠራውን ሥራ ከእግራችን ሥር ያለው አፈር በተሻለ ይሠራዋል። ብቻ አፈሩ ተዝቆ እንዳለ አይቀባም፤ ዝግጅት አለው፤ ዝግጅቱን የዘለለ ሰው ታንኩን ጠጠር ያለብሰዋል። ስለዚህ ሳጥኖቹን ከመዘንን በኋላ ሰፊውን ቦታ ለአፈሩ እንሰጣለን።

መጀመሪያ ግን ዕቃው እንዴት ጎንደር ይደርሳል የሚለው ይታይ፤ ከጥራቱ እኩል የሚያስጨንቀው እሱ ነውና። የሞዴል ቀለም በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሻንጣ ነው። የጣሳ ስፕሬይ፣ አልኮል ያለበት የታሚያ አክሪሊክ፣ ኢናሜል ቀለምና ማቅጠኛዎቻቸው ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀዱም። ታሚያ ለመስመርና ለስንጥቅ የሚያወጣው፣ ክዳኑ ላይ ብሩሽ የተሰካለት 40 ሚሊ ሊትር ፓነል ላይን አክሰንትም ኢናሜል ስለሆነ ከእነዚሁ ጋር ይመደባል። ዌዘሪንግ ማስተር ደረቅ ስለሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። በውሃ የሚቀጥነው የቫዬሆ (የሞዴል ቀለም አምራች ነው) አክሪሊክ፣ የቫዬሆ ደረቅ ዱቄት ቀለምና በቱቦ የሚሸጥ የሠዓሊ ዘይት ቀለምም እንደዚሁ። ወዳጅዎን ዕቃ ሲያዝዙ ከእነዚህ ውጭ አይጻፉለት፤ ፍተሻ ላይ ተወስዶ ይቀራል።

ለሙከራ የተመረጠው ቲ-55 ነው። ኢትዮጵያዊ ሞዴል ሠሪ ከሌሎች ታንኮች ይልቅ ይህን ቢመርጥ አያስገርምም፤ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት ከገቡት ታንኮች አንዱ ነውና። ጎማዎቹ በየጎኑ አምስት ናቸው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል። ማርሚታው በግራ ፓራፋንጎ ላይ ነው፤ በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ የነዳጅ ጋኖች ተደርድረዋል። ይህን ማወቅ ለማስረጀት ወሳኝ ነው። ጥቀርሻ በግራ፣ የፈሰሰ ነዳጅ እድፍ በቀኝ ይሆናል ማለት ነው። በቀኝ በኩል ጭስ የጠቆረበት ቲ-55 ለሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይታወቃል።

ወደ ቢ ሳጥን እንምጣ። ቀለሙ ደረቅ ይምሰል እንጂ ውስጡ ትንሽ ሰም መሰል ልስላሴ አለው፤ ስፖንጁ ላይ የሚይዘውና ያለ ማጣበቂያ ሞዴሉ ላይ የሚቀረውም በዚያ ምክንያት ነው። የሚይዘው ግን ደብዛዛ ወለል ላይ ብቻ ነው። አንጸባራቂ ቫርኒሽ ላይ ይንሸራተታል፣ በጣት ሲነካ ይጠረጋል። ስለዚህ ከዌዘሪንግ ማስተር በፊት ማት (ደብዛዛ) ቫርኒሽ መቀባት ግድ ነው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ምንም ዓይነት ቫርኒሽ መቀባት የለበትም፤ ፈሳሹ ዱቄቱን ስለሚያርሰው ሲደርቅ ግማሹ ቀለም የጠፋ ይመስላል። ብዙ ሰው "ይህ ዕቃ አይሠራም" የሚለው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው።

ጥቀርሻው ከሳጥኑ ሁሉ የላቀው ነው። ለማርሚታው አፍ ስፖንጁን አንዴ ብቻ ቀለሙ ላይ ነካ አድርጉ፣ ትርፉን ወረቀት ላይ አራግፉ፣ ከዚያ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ኋላና ወደ ጎን እየሳሳ እንዲሄድ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ቲ-55 የናፍጣ ሞተር ስለሆነ ጭሱ ፓራፋንጎውንና ከአጠገቡ ያለውን የታንኩን ጎን ያጠቁራል። እጅግ የጠቆረው ከማርሚታው አፍ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ድረስ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ይጥፋ። ለመድፉ አፍም ይኸው ይበቃል፤ አንድ ንክኪ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ።

ዝገቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወፍራም የታንክ ብረት ቀለሙ ሲላጥ የሚታየው ጥቁር ቡናማ ነው፣ ብርቱካናማ አይደለም። ደማቁ ዝገት የሚወጣው ቶሎ ቶሎ በሚግልና በሚበርድ ስስ ላሜራ ላይ ነው፦ ማርሚታው ላይ፣ ፓራፋንጎው የተቆለመመበት ጫፍ ላይ፣ የዕቃ ሳጥኖቹ መገጣጠሚያ ላይ። የቢ ዝገት ለእነዚህ ልክ ነው። መድፉን ይዞ የሚዞረው ቱሬት ላይ ከደረሰ ግን ታንኩ የተጣለ ብረት ይመስላል። በረዶ የሚባለው ነጭ ለእኛ ሜዳ በቀጥታ ሥራ ባይኖረውም አይጣልም፤ ከተዘጋጀ አፈር ጋር በስፖንጅ ሲደባለቅ በፀሐይ የነጣ አቧራ ይሰጣል፣ የአንግልና የቡሎን ጫፎችንም በጥቂቱ ያጎላል።

ኤ ላይ ያለው ቅሬታ የቀለም ነው። አሸዋና ፈዛዛ አሸዋ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ለበረሃና ለቆላ ሜዳ ይሆኑ ይሆናል፤ የጎንደር ዙሪያ መሬት ግን ሁለት ጠባይ ነው ያለው። ኮረብታው ላይ ቀይ ቡናማ አፈር፣ ከአዘዞ አልፎ ወደ ደንቢያ ሲወረድ ዋልካ። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ጥቁር፣ ሲደርቅ ደግሞ ግራጫ ነው። ከሳጥኑ ጭቃ ጋር ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ላይ ቢቀቡ ልዩነቱ ከሁለት ሜትር ይታያል፤ የሳጥኑ ጭቃ የሌላ አገር ሜዳ ነው። ሁለተኛው ድካሙ ውፍረት መሥራት አለመቻሉ ነው። ገጽ ላይ ያርፋል እንጂ በጎማ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭቃ አይሆንም። አፈር ማዘጋጀት ለማይፈልግ ሰው ከኤ ይልቅ የቫዬሆ ዱቄት ይሻለዋል። ናቹራል አምበር ላይ ጥቂት ካርቦን ብላክና ጥቂት ቲታንየም ዋይት ቢጨመር ወደ ደረቅ ዋልካ ይጠጋል፤ ብራውን አይረን ኦክሳይድ ቢጨመርበት ወደ ኮረብታው አፈር።

አሁን አፈሩ። 1/35 ማለት አንድ ሚሊሜትር እውነተኛው ታንክ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ከደጅ በታፈሰ አፈር ውስጥ ዓይን የማይቆጥራት የሩብ ሚሊሜትር ቅንጣት ሞዴሉ ላይ ስታርፍ፣ በእውነተኛው ታንክ ልክ ሲታሰብ፣ ወደ 9 ሚሊሜትር የምትጠጋ ጠጠር ትሆናለች። ወንፊት ብቻውን ይህን አያድንም፤ ደቃቁን የሚለየው ውሃ ነው።

ለአንድ ታንክ ሁለት ሲኒ አፈር ይበቃል። ከሥር፣ ሥርና ቅጠል ከሌለበት ቦታ ውሰዱ፤ ከላይ ያለው ፍግና ብስባሽ አለበት። ለአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ፈጭታችሁ በዱቄት ወንፊት አሳልፉት፣ ቀጥሎ በሁለት እጥፍ ስቶኪንግ ንፉት። ያለፈውን ከፍ ባለ ጠርሙስ ውስጥ በስድስት እጥፍ ውሃ በጥብጡት። ውሃው ከ5 ሴንቲሜትር እንዳያልፍ፤ የሚጠበቀው ጊዜ የሚቆጠረው በጥልቀቱ ነውና። በጥብጣችሁ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ላይ ላዩን ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ አጥልሉ። ጠላ ከአተላው ሲጠለል እንደሚደረገው ነው፣ ሥሩ እንዳይናወጥ። በ2 ደቂቃ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ወርዶ ያልዘቀጠው ቅንጣት ስፋቱ ከ0.02 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በታንኩ ልክ ሲታሰብ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እውነተኛ አቧራ ማለት ይህ ነው። ሥሩ የቀረውን አትድፉት፤ ለጭቃ ይፈለጋል።

ድፍርሱ አንድ ሌሊት ሲያድር ይጠልላል። ቀይ አፈር ቶሎ ይወርዳል፤ ዋልካ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል። አንድ ቁንጥር ጨው ቢጨመርበት ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ጨው ከተጨመረ ውሃውን አፍስሶ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል። ካልታጠበ ሞዴሉ ላይ ደርቆ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ያ ደግሞ በኋላ አይነሳም።

የዘቀጠውን ለጥ ባለ ሳህን ላይ አድርቁት። ከዚያ ለእንጀራ በማይውል አሮጌ ምጣድ ላይ፣ በለዘበ እሳት፣ እያማሰላችሁ ለ20 ደቂቃ አሙቁት። ይህ እርምጃ የሚዘለል አይደለም። አፈሩ ውስጥ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር ከኮላ ጋር ሲገናኝ በክረምት ሻጋታ ያወጣል፤ ታንኩ ላይ ነጭ ጸጉር ያበቅላል። እሳቱ ከበረታ ግን ሌላ ጥፋት ይመጣል። አፈር ውስጥ ያለው የብረት ውህድ በኃይለኛ ሙቀት ይቀላል፣ ዋልካውም ግራጫነቱን ትቶ ቡናማ ይሆናል። ሲሞቅ ቀለሙ መለወጥ ከጀመረ ወዲያው አውርዱት። በመጨረሻ ሙቀጫ ውስጥ አድቅቁትና በደረቅ ጠርሙስ ክደኑት። የጎንደር ሠዓሊዎችና ቁም ጸሐፊዎች አፈርና ጥላሸት አድቅቀው ቀለም ሲያወጡ ኖረዋል፤ ይህ ሥራ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም።

የተዘጋጀው አፈር እንደ ዌዘሪንግ ማስተር ራሱን አያጣብቅም። ማጣበቂያው አንድ እጅ የቫዬሆ ማት ቫርኒሽ፣ ሦስት እጅ ውሃና አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ሳሙናው ውሃው ክብ ጠብታ ሆኖ እንዳይቆም ያደርገዋል፤ ሳሙና ከሌለበት አቧራው ላይ ክብ እድፍ ይቀራል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጀመሪያ ቦታው ላይ አሳርፉ። ከዚያ ማጣበቂያውን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ከአቧራው ዳር ንኩት፤ እርጥበቱ ራሱ ስቦ ይገባል። ብሩሹን አቧራው ላይ ካሳረፋችሁት ግን ወደ ብሩሹ ይመጣል፣ ሥፍራው ጭረት ይሆናል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ለዚህ አይሆንም፤ በፍጥነት ይደርቃል ተብሎ የሚመረጥ ቢሆንም ከሥር ያለውን አክሪሊክ ቀለም ይፈታዋል። አፈር ሲታሰር ከደረቅ መልኩ እንደሚጠቁም አትርሱ። ስለዚህ ከሚፈለገው ነጣ ያለውን ምረጡ፣ ወይም ከደረቀ በኋላ ላዩን ያልታሰረ ስስ ደረቅ አቧራ ጨምሩ።

ጭቃ ለብቻው ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሜዳ ላይ የምናየው ትልልቅ ስንጥቅ ከዚሁ ጠባዩ ነው። ሞዴል ላይ እንዳለ ቢለጠፍ ሰባት ስምንት ቦታ ተሰንጥቆ ይረግፋል። መድኃኒቱ አሸዋ ነው፦ ሁለት እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ በስቶኪንግ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ (ቅድም ከሥር የቀረውም ይሆናል)፣ አንድ እጅ ነጭ የአናጢ ኮላና እንደ እርጎ እስኪሆን ድረስ ውሃ። በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይወፍር። ስድስት ሰዓት ያህል ካደረቃችሁ በኋላ ቀጣዩን ደርቡ። የሚገባው በጎማዎቹ ጠርዝ ውስጠኛ ክፍል፣ ከኋላ ባለው የጥርስ ጎማ መካከልና በፓራፋንጎው ሥር ነው። ኮላው ሲደርቅ ጥቂት ያብረቀርቃል፤ ላዩ ሳይደርቅ ደረቅ አቧራ ከነሰነሳችሁበት ብርቀቱ ይጠፋል። እርጥብ ጭቃ ከተፈለገ ደግሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በነጠብጣብ ብቻ፤ ሙሉውን ካንጸባረቀ ቸኮሌት የፈሰሰበት ይመስላል።

ጭቃው ውስጥ ጭድ መጨመር የሚወድ አለ። የጤፍ ጭድ እንኳ በዚህ ልክ ወፍራም ነው፤ አንድ ሚሊሜትር የሆነ አገዳ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል እንጨት ይሆናል። በምላጭ ለሦስት ለአራት መሰንጠቅ አለበት። ለደረቅ ሣር ቃጫ ይሻላል፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ተቆርጦ ይሰካል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው የቀለም ሥራ አጠር ብሎ ይነገር፤ ብዙው ሰው ያውቀዋል። ለተላጠ ቀለም ከሥር ጥቁር ቡናማ ይቀባና ከደረቀ በኋላ በየውበት ዕቃ መሸጫው የሚገኘው የጸጉር ስፕሬይ ሁለት ጊዜ በስሱ ይነፋል። ላዩ ላይ አረንጓዴው አክሪሊክ ይቀባል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አርሶ በጠንካራ አጭር ብሩሽ መፈተግ ነው። የታሚያ ቀለም በውሃ ከቀጠነ በደቃቁ ይላጣል፤ በላከር ማቅጠኛ ከቀጠነ ስፕሬዩን ሰርስሮ ስለሚይዝ አይላጥም። ቫዬሆ ደግሞ እንደ ላስቲክ ስለሚያያዝ በትልልቁ መገንጠል ይቀናዋል፤ ለእሱ የጥቁር ቡናማ ቀለም በተቦጨቀ ስፖንጅ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ይሻላል። የሚላጠው እጅና ጫማ በሚነካበት ብቻ ነው፦ የመግቢያ ክዳኖቹ ጠርዝ፣ የፓራፋንጎው ፊት፣ የሳጥኖቹ ማዕዘን።

ቀጥሎ ለመስመርና ለቡሎን ሥር የሚፈሰው ጥቁረት። ፓነል ላይን አክሰንት ባይገኝ የሠዓሊ ዘይት ቀለም ይተካዋል፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለማረም ይመቻል። በርንት አምበሩን ካርቶን ላይ ለ30 ደቂቃ አስቀምጡ፤ ካርቶኑ ዘይቱን ሲመጥ ቀለሙ ደብዝዞ ይደርቃል። አንድ እጅ ቀለም ለአሥር እጅ ማቅጠኛ። ወለሉ በአንጸባራቂ ቫርኒሽ የተሸፈነ ይሁን፣ አለበለዚያ ፈሳሹ መስመር ይዞ ከመሄድ ይልቅ ወለሉ ላይ ይሰራጫል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ንጹሕ ብሩሽ በማቅጠኛ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ትርፉን ከላይ ወደ ታች መሳብ ነው። ማት ቫርኒሹ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ።

ማቅጠኛው ላይ ብዙ ታንክ ይበላሻል። ቀለም መሸጫ ሄዶ "ቲነር" ሲባል የሚሰጠው በአብዛኛው ለመኪና ቀለም የሚሆነው ኃይለኛው ነው፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጣል። ነጭ ጋዝ ፕላስቲክ ባያቀልጥም ቅባቱ አይለቅም፣ ከሳምንት በኋላም አቧራ አያስይዝም። የሚሆነው በጥጥና ክር ለሚሠራ ላይተር የሚሞላው ፈሳሽ ቤንዚን ነው። የትኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀም በፊት ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ትርፍ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት ንኩት፤ ካጣበቀ አይሆንም። ይህን ፈሳሽ የቡና ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ አትክፈቱ። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

ሰንሰለቱ ከሁሉ የሚቀለው ነው። ጥቁር ቡናማ ቀብቶ፣ በዋልካ አጥቦ፣ ሲደርቅ መሬት የሚነኩትን ጠርዞች በ6ቢ እርሳስ ማሸት። የእርሳሱ ግራፋይት እንደተወለወለ ብረት ያበራል። ለዚህ ሌላ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም።

አቧራው የት ይረፍ ለሚለው፣ ከመተማ መንገድ የሚገባ አይሱዙ ከማንኛውም ፎቶ የተሻለ መምህር ነው። አቧራ ጠፍጣፋው ላይ ይተኛል፣ ማዕዘን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከጎማ ኋላ ባለው ጎን ላይ እየሳሳ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው የሚይዘውና የሚረግጠው ቦታ ግን ጥርት ያለ ነው፤ እጀታው፣ ደረጃው፣ የበሩ ጠርዝ። ታንኩም ላይ እንዲሁ ነው፤ የመግቢያ ክዳኑ ዙሪያና ወደ ቱሬቱ መውጫው መንገድ ከሌላው ይጠቁራል። ሞዴሉን አንድ ዓይነት አቧራ ከላይ እስከ ታች ያለበሰ ሰው ዱቄት የተደፋበት ነው የሚያስመስለው።

ወቅቱም መጠየቅ አለበት። ጎንደር ላይ ጣሊያኖች እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያኖቹ ምሽግ ቁልቋልበር ከዚያ ጥቂት ቀን ቀድሞ ወድቋል። የዚያን ጊዜ የጣሊያን ትንሽ ታንክ የሆነውን ኤል 3 ወይም የጭነት መኪና የሚሠራ ሰው በኅዳር ዝናቡ እንደቆመና ሣሩ መቢጨት እንደጀመረ ያስብ፤ ከጎማ ሥር የደረቀ የክረምት ጭቃ ቅሪት፣ ላዩ ላይ አዲስ ቀይ አቧራ። እርጥብ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ለዚያ ቀን አይሆንም።

የእኛው የአየር ጠባይ ደግሞ ቫርኒሹ ላይ ይታያል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ማቅጠኛ ቶሎ ይተናል፣ አክሪሊክ ብሩሽ ላይ ይደርቃል። በሦስት ጠብታ ቀለም አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ ትንሽ ትንሽ አውጡ። በሐምሌና ነሐሴ ግን ማት ቫርኒሽ ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ጉም ይሠራል። በዝናብ ሰዓት አይቀባ፤ ሰማዩ ሲከፈት፣ ከቀትር በፊት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ። ጉም ከያዘ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ደግሞ ቢቀባበት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ከዚያ በደረቅ ቀን ማቱን መድገም ነው።

ሲያልቅ ታንኩ ክፍት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። በበጋ በመስኮት የሚገባው አቧራ ከላይ ከተዘጋጀው ይገዝፋል፣ የልብስ ክርም አብሮት ይመጣል። በብሩሽ ቢጠረግ የቢ ጥቀርሻና ዝገት አብሮ ይነሳል፤ ማጣበቂያ የላቸውምና። ቲ-55 መድፉ ወደ ፊት ሲዞር በ1/35 ርዝመቱ 26 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 9.3፣ ቁመቱ 7 ሴንቲሜትር ያህል ነው። መስታወት ቤት 30 በ14 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሥሩ ክፍት ሳጥን ማዘዝ ይቻላል፤ 3 ሚሊሜትር መስታወት ይበቃል። ሲሊኮኑ በደንብ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ እንጂ ሞዴሉን ወዲያው አትክደኑበት።